የአስተያየት ቅጽ፣ ክፍል 614

ትራሱ ላይ ቅጽ አለ፣ እርሳስ ካጠገቡ፤
«ክቡር እንግዳችን፣ እስኪ ያስቡ፣
ቆይታዎ እንዴት ነበር?» ይላል ንባቡ።

እሺ፣ ላስብ እንጂ፤ ምን ሥራ አለኝና፣
የሴጌድ ባቡር እንደሁ የሚነሳው ገና
ከቀትር በኋላ ነው፤ አሁን ጠዋት ሁለት።
መነጽሬን ላድርግ፣ ልሙላው በየረድፉ፣ ሳልደብቅ እውነት።

«ቦታው?»
መሐል ነው፤ ከዚህ ወዲያ መሐል ከየት ይመጣል?
ትራሙ ከደጁ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቢላ ይሳላል፣
ዳኑብ ከመስኮቱ ሥር ጀልባ ተሸክሞ ያልፋል።
እኔን ግን የሳበኝ ወንዙም ድልድዩም አይደለም፤
ሆስፒታሉ ነው፤ በዚህ ጉልበት እንኳ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።
አላዳር እዚያ ተኝቷል፤ ዓይኑ እስከ ዛሬ ቀትር አይገለጥም።

«አልጋው?»
ሰፊ ነው፤ እጅግ ሰፊ፤ ለሦስት ሰው የሚበቃ።
እኔ እንደለመድኩት በግራ ጥጉ፣ ጠርዝ ይዤ ስነቃ፣
ቀኝ ወገኑ እንደተነጠፈ፣ ሳይሸበሸብ አደረ።
የአርባ አንድ ዓመት ልማድ በአንድ ሌሊት መቼ ተሻረ?

«ቁርሱ?»
ዳቦው ትኩስ ነው፤ የቡናው ቅጥነት ግን ያሳፍራል።
ስለ ቁርስ ቤቱ ሌላም አለኝ፤ ይህ መስመር ያንሰዋል፣
ከጀርባው እጽፋለሁ።

አላዳር የጅሶ ሠራተኛ ነበር፤ በሃያ ሦስት ዓመቱ
የዚህን ቁርስ ቤት ኮርኒስ ቅጠል አለበሰ በእጆቹ።
ዘጠኝ ወር እንጨት ላይ ቆሞ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ታጥፎ፣
ጅሶ ቅንድቡ ላይ ደርቆ፣ ከጢሙ ላይ ረግፎ።
ሲያልቅ በጓሮ በር ሸኙት፤ በዋናው ገብቶ አያውቅም፤
«ያንድ ሌሊቱ ዋጋ» ይል ነበር፣ «በወር ደመወዜ አይቻልም።»

ብልግናም ሠርቷል፤ የነገረኝ በሠርጋችን ማግስት፦
ቅጠሎቹ ሁሉ ባለ አምስት ጣት ሲሆኑ፣ አንዷን በስድስት
ቀርጿታል፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከፒያኖው ትይዩ።
ፎርማኑ ሺህ ጊዜ አለፈ በሥሯ፤ ዓይኖቹ ግን መቼ አዩ?

ሐሙስ ዕለት፣ ከፋሻው ሥር፣ እጄን ዳበሰና ያዘኝ፤
«ካረፍሽ አይቀር እዚያ፣ እስኪ ቅጠሌን እያት» አለኝ።

ቀና ብዬ ባይ፣ ቅጠል የለ፤ ነጭ ሰሌዳ፣ ነጭ ሰሌዳ፣
በየመሐሉ አምፖል፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ።
አስተናጋጇን ጠየቅኋት፤ «ሁልጊዜም እንዲህ ነው» አለች።
(ዕድሜዋ ሃያ ቢሆን ነው፤ «ሁልጊዜ»ን ከየት ታውቃለች?)

«መስተንግዶው?»
የሌሊቱ ጥገና፣ ቦልዲዠር፣ ሰባት ሰዓት ላይ መጣና፣
መሰላሉን ተክሎ፣ ግራ ቀኙን ቃኘና፣
«እማማ፣ ለማንም እንዳይነግሩ» ብሎ አንዱን ሰሌዳ ገፋ።
(ስሙ ቦልዲዠር አይደለም፤ ልትፈልጉትም አትልፉ፤
ይልቅ ለጥገናዎቹ ሁሉ ደመወዝ ጨምራችሁ ጻፉ።)

ወጣሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ። ጫማዬን አውልቄ፣
የቀሚሴን ጠርዝ በአንድ እጄ፣ ባትሪውን በሌላው አጥብቄ።
አቧራ። ሽቦ። የሸረሪት ድር። ከዚያ፣ እሷ።

ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።
ስድስተኛዋ እግሯ ብቻ ቀርቷል፤ ቱቦ አልፎባት፣ ብሎን ነክሷት።
ከሥሯ ግን የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ጅሶው ሳይደርቅ የተጫነ፤
የራሴን ጣት ከተትኩበት። ሰፋኝ። የእሱ ስለሆነ።

ትናንት ማታ «አየኋት» አልኩት። «ስንት ጣት?» «ስድስት» አልኩት።
ከፋሻው ሥር ሳቀ። ነርሷ ተቆጣችን። ዝም በል ብዬ ቆነጠጥኩት።
አሁን ደግሞ፣ «ፋሻው ይፈታ እንጂ፣ በዋናው በር እንገባለን፣
ከባቡሩ በፊት፣ አንገታችንን ሰብረን፣ አብረን እናያታለን።»

እንግዲህ ሲመጣ፣ በሩን ከፍታችሁ አስገቡት፤
ሰሌዳውን ግን እንዳትነኩ። «እድሳት ላይ ነው» በሉት።

«አጠቃላይ?»
አራት ኮከብ። አምስተኛዋን ይዣታለሁ፤
ያን ቱቦ አንድ ስንዝር ስታዞሩ፣ ጻፉልኝ፣ እልካታለሁ።

«ሌላ?»
አዎ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤
ከሥሩ ፎጣ አጥፌያለሁ፤ እስከ ማታ ይበቃል።